ስልሳ ሁለቱ ፖስታዎች

ሰኞ 2

እህቴ ዛሬ እራት ላይ አበደች። በይፋ፣ በቤተሰብ ፊት፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ።

"የእረፍቱን ሁለት ወር ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ነው የምሠራው" አለች።

"ነፃ ማለት?" እማዬ።

"ሰዎቹ አይከፍሉም ማለት ነው።"

"አንቺስ?"

"እኔም አይከፈለኝም።"

አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። አባዬ ማንኪያ ካስቀመጠ ነገሩ ከባድ ነው፤ ጣሪያችን ያፈሰሰ ቀን እንኳ ወንበሩን ፈቀቅ አድርጎ በልቶ ጨርሷል።

"ሦስት ዓመት ሕግ ያስተማርኩሽ ደሞዝ የሌለው ሥራ እንድታገኚ ነው?" አለች እማዬ።

"እማዬ፣ ጠበቃ የሌላቸው ሰዎች እኮ ናቸው።"

"እኛስ ጠበቃ አለን?"

"አላችሁ እንጂ" አለ አጎቴ ከወዲያ ጫፍ። አጎቴ የእማዬ ወንድም ነው። ጠበቃ ነው፤ የራሱ ቢሮ አለው፤ ከቢሮው የሚሰፋ ሆድ አለው። ጠበቃ ሆኖ ለእኛ አንድም ቀን አልተሟገተም፣ ወጣችን ግን አንድም ቀን አላመለጠችው። "ድሃ መርዳት የተቀደሰ ነገር ነው። እኔም ጡረታ ስወጣ አስቤበታለሁ። እስከዚያ ግን የኔ ልጅ፣ እኔ ቢሮ ወንበር ክፍት ነው፣ ደሞዝም አለው። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ።"

ነገሩ ሁሉ የመጣው በአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ቢሮ እየሄደች ታግዛለች፤ የሰፊዋን መዝገብ ሰጧት። ሴትዮዋ ባለ አረንጓዴ በሩ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ባለቤቱ ሰዉን አስወጥቶ ሊያፈርሰው ነው። ሌላው ተከራይ ሁሉ ወጥቷል፣ እሷ እምቢ አለች። ችሎቱ በሚቀጥለው ወር 22 ነው። ቢሮው ያለው አንዲት ጠበቃ ብቻ ናት፣ መዝገቡ መቶ አርባ። ተማሪ ሙሉ ቀን ይዞ ካላዘጋጀው የሰፊዋ መዝገብ የሚከፈተው ዳኛው ፊት ነው፤ ያኔ ደግሞ አለቀላት።

ስለዚህ እህቴ የትራንስፖርትና የምሳዋን ከአንድ ቦታ ማግኘት አለባት። ካላገኘች የአጎቴ ወንበር።

እኔን በዚህ ቤት ጦጢት ነው የሚሉኝ። የሰው ድምፅ ስለምቀዳ ነው። ዛሬ ማታ አጎቴን ቀዳሁት፣ "ጡረታ ስወጣ አስቤበታለሁ" እያልኩ ትራስ ሆዴ ላይ አስሬ። እህቴ እያለቀሰች ሳቀች። ሁለቱን አንድ ላይ ስትሠራ ታስጠላለች።

ረቡዕ 4

ከትምህርት ቤት ስወጣ ከእህቴ ጋር የሕግ ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ገባሁ። "አፍሽን ዝጊ" ተብዬ ነው የገባሁት።

ፈንድ የሚባል ነገር አላቸው። ለተቸገሩ ሰዎች በነፃ ለሚሠሩ ተማሪዎች የእረፍቱን ወጪ ይችላል። ግን እንዲሁ አይሰጥም። ተማሪው ግማሹን ራሱ በደብዳቤ ይለምናል፤ ትምህርት ቤቱ ግማሹን ይጨምርለታል። የሚለመኑት ሰዎች ዝርዝር ተሰጣት፤ ስልሳ ሁለት ሀብታም፣ በስም፣ በሥራ፣ በአድራሻ። በሚቀጥለው ወር 5 ቅዳሜ ትልቅ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት አለ፤ ብዙ የሰጡት ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው ፖስታውን በእጃቸው ለተማሪው ይሰጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ጽድቃቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ዲኑ "እንግዲህ" ሳይል ዓረፍተ ነገር መጀመር አይችልም። "እንግዲህ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ዝርዝሩን ከመዝገባችሁ ጋር ታመሳክራላችሁ። እንግዲህ የደንበኛችሁ ባላጋራ ከለጋሾቹ መሃል እንዳይኖር። እንግዲህ የደንበኛ ምስጢር ያለፈቃድ..." እኔ እየቆጠርኩ ነበር። ሠላሳ አንድ እንግዲህ። ስሙን አቶ እንግዲህ ብዬዋለሁ።

አብነት ብሎ ያደለን ደብዳቤ "ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ፍትሕ የማኅበረሰብ ምሰሶ ነው" ብሎ ይጀምራል። ይህን አንብቦ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ካለ ሐኪም ይየው።

ቅዳሜ 7

ቢሮውን አየሁት። አንድ ደረጃ ወደ ታች፣ መስኮቱ የአላፊ አግዳሚ ጫማ ነው የሚያሳየው። የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ አሥራ አራት ሰው፣ ሁሉም ወረቀቱን በፌስታል ይዞ። ኃላፊዋ ጠበቃ ቀጭን፣ ድምፅዋ የተሰነጠቀ፣ ሁለት መነጽር የምታደርግ ናት፤ አንዱን ራሷ ላይ ሰቅላ አንዱን ትፈልጋለች።

ሰፊዋም መጣች። እህቴ "እትዬ" ትላታለች፣ እኔም አልኩ። መርፌ በከንፈሯ ነክሳ የማውራት ልማድ ስላላት መርፌ በሌለበትም አፏን በግማሽ ነው የምትከፍተው። ስትናገር ምሥጢር የምትሸጥ ነው የምትመስለው።

ገና ሳታየኝ ቀሚሴን አየች። "ይሄን ማነው የሰፋው?"

"ተገዝቶ ነው።"

"ታዲያ ሻጩን ለምን አትከሺውም? ነይ ዙሪ።" እዚያው አሥራ አራት ሰው ፊት ጎንበስ ብላ ጠርዙን ገለበጠች። "ልጄ፣ ይሄ ስፌት አይደለም፣ እርቅ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ይጣላል።"

አግዳሚው ወንበር በሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ሰው ስስቅበት እንጂ ሲስቅብኝ አልወድም። ቤት እንደገባሁ ቀዳኋት፣ ከነግማሽ አፏ። አባዬ በሳቅ ፍርስ። እህቴ ግን፣ "ሁለተኛ እሷን እንዳትቀጂ" አለች። ምን ሆና ነው? ቅድስት ናት?

ሰኞ 9

ፈተና አለብኝ። አጭር።

እህቴ የጻፈችውን ደብዳቤ አነበብኩ። ደረቅ። የአቶ እንግዲህ ደብዳቤ ከዚህ ይሻላል። አምናም ተማሪዎች ልከው ከስልሳ ሁለቱ የመለሱት አራት ብቻ ናቸው ይባላል።

አጎቴ ደወለ። "ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው።" ማን ይጠይቀዋል!

ረቡዕ 11

ዛሬ በርዝመት እጽፋለሁ፣ የሚጻፍ ነገር አለ።

እህቴ መዝገቡን ቤት ይዛ መጣች። ክርክሯን መለማመድ ፈለገች፤ እኔን ዳኛ አደረገችኝ። ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ በእማዬ መጥበሻ ማንኪያ ጠረጴዛ መታሁ።

"የተከሳሽ ጠበቃ፣ ሴትዮዋ ለምን አትወጣም?"

"ክቡር ዳኛ፣ ዘጠኝ ዓመት ኪራይ ሳታጓድል ከፍላለች።"

"ውሉ በማን ስም ነው?"

እህቴ መዝገቡን ከደነችው። ተነስታ በሩን ዘጋችው።

"ጦጢት፣ ይሄ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ማይ በይ።"

"ልማል በምን?"

"በእኔ።"

ማልኩ።

ውሉ በሰፊዋ ስም አይደለም። በእህቷ ስም ነው። ሁለቱ አብረው ይኖሩ ነበር፣ እህትየዋ እዚያው ክፍል ውስጥ ሞተች። ሰፊዋ የእህቷን መሞት ለአከራይ አልተናገረችም። በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ በሟቿ ስም ትፈርማለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። መልካቸው ስለሚመሳሰል ማንም አልጠየቀ። ለምን ብላ እህቴ ስትጠይቃት፣ "ስሟን ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?" አለቻት አሉ።

"ይሄን ባለቤቱ ካወቀ" አለች እህቴ፣ "ክርክር የለም። በሐሰት ፊርማ ነው የኖረችው ይላል፤ በቀናት ውስጥ ትወጣለች። አሁን ግን የሚያውቀው በየወሩ ኪራይ መቀበሉን ብቻ ነው። ያ ይበቃናል፤ ዝም ካልን እናሸንፋለን።"

"ዘጠኝ ዓመት የሞተ ሰው ሆና!" አልኩ።

"አየሽ፣ አሁን እንኳ ልትስቂ ነው።"

አልሳቅኩም ነበር። እውነቴን ነው። እንዴት ያለ ታሪክ ነው እያልኩ ነበር።

ቅዳሜ 14

ደብዳቤውን እኔ ልጻፍልሽ አልኳት። እሷ ለፈተና መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ስለነበር እሺ አለች። ፍትሕንም ምሰሶንም አወጣሁ። መስኮቱ የሰው ጫማ የሚያሳየውን ቢሮ ጻፍኩ፣ ባለ ፌስታሎቹን፣ ባለ ሁለት መነጽሯን። እህቴ አነበበችው። ሁለት ጊዜ።

"ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"ድመታችን።"

"ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።" እህቴ እኔን ስታደንቅ ይሄ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው የተወለድኩ ቀን ነው አሉ። "እንዳትልኪው ግን። ሰኞ ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሬ ነው የሚላከው።"

እሷ ከተኛች በኋላ ደግሜ አየሁት። ጥሩ ነው፣ ግን አያስለቅስም። ጫማና መነጽር ማንን ያስለቅሳል? ትንሽ አሳመርኩት።

እሑድ 15

ያሳመርኩትን ለእማዬ አነበብኩላት። እማዬ ብረት ምጣድ ይዛ ቆማ አለቀሰች። "የሰው ጉድ! የእህቷን ስም!" አለች። አባዬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው። የማንንም ስም አልጻፍኩም። የሕንፃውንም አልጻፍኩም። "አንዲት ልብስ ሰፊ" ነው ያልኩት። በዓለም ላይ ስንት ልብስ ሰፊ አለ!

ማክሰኞ 17

ተላከ።

እህቴ ትናንትም ዛሬም ቤተ መጻሕፍት። ነገ ቀነ ገደብ ነው፣ የአቶ እንግዲህ ነገ ማለት ነገ ነው። ማን ይጠብቃታል? ስልሳ ሁለቱንም እኔና አባዬ አሸግናቸው። አባዬ ማጣበቂያውን በምላሱ ሲልስ ዋለ፤ ማታ የበላው ሁሉ ፖስታ ፖስታ አለኝ አለ።

ረቡዕ 18

"ላክሽው?!"

"ቀነ ገደቡ ነው እኮ።"

"ዝርዝሩን አየሽው?"

"አየሁት።" አይቼዋለሁ። ስልሳ ሁለት አድራሻ በእጄ ስጽፍ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር?

"የላክሽው እኔ ያየሁትን ነው አይደል?"

"ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩበት።"

ጉንጬን ሳመችኝ። ነገ ሁለት ፈተና አላት።

ሰኞ 23

አሥራ ዘጠኝ መልስ! በስድስት ቀን! አቶ እንግዲህ ራሱ ደወለ። "እንግዲህ በትምህርት ቤታችን ታሪክ እንዲህ ዓይነት..." እህቴ ከስልኩ ጋር ስትዘል ምንጣፉ አዳልጧት ወደቀች፣ ወድቃም ትስቃለች። ግማሹ ሞልቷል፣ ተርፏልም። አጎቴ ሲነገረው "ገና ነው፣ ቃል ሌላ ገንዘብ ሌላ" አለ። ከልቡ አዝኗል።

ምስጋናው ሁሉ ለእህቴ ነው። ይሁን። እኔ ምን አለብኝ፣ ለአንድ ቀን እንኳ "ጦጢት ናት የጻፈችው" ቢባል ጣሪያው አይወድቅ ነበር።

ሐሙስ 26

የቤት ስልክ ጮኸ። እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብዳቤው ላይ ያለው የቤታችን ቁጥር ነው። ደስ የሚል፣ ለስለስ ያለ የወንድ ድምፅ። መድኃኒት አስመጪ ነኝ አለ። ስሙ ትዝ አለኝ፣ ዝርዝሩ ላይ ሠላሳ ምናምነኛው ነው። የሕግ ተማሪዋን ፈለገ።

እኔም የሕግ ተማሪዋ ሆንኩ። የእህቴን ድምፅ እማዬ እንኳ አትለየውም፤ ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ደክሞት።

"ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት" አለ። "ባለቤቴንም አስለቀሰ። ታሪኩ እውነት ነው ወይስ ለማሳመር ነው?"

ለማሳመር! "ከራሷ አፍ የሰማሁት ነው ጌታዬ። ቃል በቃል" አልኩ።

"እና እስካሁን የእህቷን ስም ነው የምትፈርመው?"

"እስካሁን።"

"ዘጠኝ ዓመት።"

"ዘጠኝ ዓመት፣ አዎ።"

ወረቀት ሲያጥፍ ተሰማኝ። "አይ የሰው ልጅ! እግዜር ያጽናት" አለ። "ምሽቱ ላይ ከሁሉም በላይ የምሰጠው እኔ ነኝ። በእጄ ልስጥሽ እፈልጋለሁ።"

እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው። ከሀብታም እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ለእህቴ ነገርኳት፤ ማለቴ አንድ ሰው ደውሎ ብዙ እሰጣለሁ አለ አልኳት። ሌላውን በምሽቱ ድንገት ትሰማዋለች።

ሰኞ 30

እትዬ ቤታችን መጣች። እህቴን ልታመሰግን። ቀሚሴን ካላወለቅሽ አለችኝ፤ እንደተቀመጠች ጠርዙን በሙሉ ተርትራ ሰፋችው። ገንዘብ ስትባል ተቆጣች። "የልጅቷ እህት አይደለሽ? እኔም እህት ነበረችኝ፣ አውቀዋለሁ" አለች፣ በግማሽ አፏ። እማዬ እምባዋ መጣ። ሻይ ላፍላ ብላ ሮጣ ወጣች፣ ከደብዳቤው የሰማችው ሳታውቅ እንዳያመልጣት ነው። ደግ ሥራ ሠራች፣ ለአንድ ጊዜ።

ቅዳሜ 5

ምሽቱ።

አዳራሹ ብርሃን ነው፣ ሴቶቹ ሽቶ ናቸው፣ ወንዶቹ ክራቫት። አቶ እንግዲህ ሞቃት ዳቦ ላይ እንደተቀባ ቅቤ ያበራል። መጀመሪያ ጨረታ ነበር። ከጨረታው ትልቁ ዕቃ፣ "ዲኑ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ዝም ይላሉ" የሚል ነበር። ተማሪዎቹ ተዋጥተው ገዙት። ከሳቄ የተነሳ ጭማቂ በአፍንጫዬ ወጣ።

ከዚያ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ መድረክ ወጡ። እህቴ የመጨረሻዋ። እትዬ የሰፋችላትን ሰማያዊ ጃኬት ለብሳለች። አቶ እንግዲህ ወረቀቱን ዘረጋ። "እንግዲህ የዘንድሮው ትልቁ ለጋሻችን፤ መድኃኒት አስመጪ፣ የሁለት ሆቴልና የባለ አረንጓዴ በሩ ሕንፃ ባለቤት..." ብሎ የሰውየውን ስም ከነአያቱ ጠራ።

ጭብጨባ። ሰውየው ሽበታም፣ ፈገግታው እንደ ድምፁ ለስላሳ። እህቴን ከሩቅ እያየኋት ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ። እጇ ግን ተዘርግቶ ቀረ፤ እጇን እንኳ መሰብሰብ አልቻለችም። ፖስታውን መዳፏ ላይ አስቀመጠና ጣቶቿን በራሱ እጅ አጠፈላት። ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ፣

"ለእህትማማቾች ፍቅር" አለ።

አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። እማዬ "እልል" ልትል ምንም አልቀራትም። እኔም አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ምን ልሁን?

መኪና ውስጥ እህቴ፣ "ደብዳቤ ደርሶታል?" አለች።

"ዝርዝሩ ላይ አለ እኮ።"

"ምን ተጽፎ?"

"ያው... ያው ነው።"

እሑድ 6

ቅጂውን ከመሳቢያዬ አውጥታ አነበበችው። መስኮቱ ጋ ቆማ። የጮኸችብኝ እንደሆነ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አራት መልስ፣ አንዱ በጣም የሚያስቅ። አልጮኸችም። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

"ስልክ የደወለው እሱ ነው?"

"ምን አውቃለሁ እኔ።"

"ጦጢት።"

"እሱ ነው።"

"ምን አልሽው?"

መሳቢያዬን ዘጋሁት። ግን ፊቴ ችግር አለበት፣ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይናገራል።

ማክሰኞ 8

እህቴ ቢሮ ሄዳ ለኃላፊዋ ነገረቻት። አብሬያት ሄጄ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ እኔ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበርኩ።

"ማን ጻፈው?" አለች የተሰነጠቀው ድምፅ።

"እኔ።"

"አንቺ? በሦስት ዓመት አንድ ነገር የተማርሽ መስሎኝ ነበር።"

"እኔ ነኝ።"

"ያለፈቃዷ? ለባላጋራዋ?"

"አላመሳከርኩም።"

"የሴትዮዋን ቤት በገዛ እጅሽ ሸጥሽው እኮ፣ ልጄ። ያውም በሥነ ጽሑፍ።"

ልነሳ ነበር። እውነት ልነሳ ነበር። ግን አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ እንዴት ብዬ ልነሳ? እስኪጨርስ እህቴ ወጣች።

መንገድ ላይ፣ "ለምን እኔ ነኝ አልሽ?" አልኳት።

"ምስጢሩን ለአንቺ የነገርኩሽ እኔ አይደለሁ?"

ከመዝገቡ አነሷት። ትምህርት ቤቱም ጉዳይዋን ይመረምራል፤ የፈንዱን ገንዘብ አታገኝም። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር።

ሐሙስ 10

አቶ እንግዲህ ቤት ደወለ፣ አባዬ አነሳ። ገንዘቡ ለለጋሾቹ አይመለስም፤ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ደግሞ፣ "እንግዲህ አንዷን አንቀጽ አውጥተን ደብዳቤውን ለሚቀጥለው ዓመት አብነት ብናደርገው ይቃወማሉ?" አለ። አባዬ ስልኩን ዘጋው። አባዬ በሰው ላይ ስልክ ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው።

አብነት። እኔ የጻፍኩት። ለአንድ ሰከንድ ደስ አለኝ፣ ለአንድ ብቻ።

ዓርብ 18

አጎቴ ለእራት መጣ፤ ሁለት ጊዜ ጨመረ። "የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ የኔ ልጅ። ወንበሩ እንዳለ ነው፣ ሰኞ 28 ግቢ። ደሞዙን ግን፣ አሁን ስምሽ ትንሽ ስለተነካ፣ በግማሽ እንጀምረው።" እህቴ "አመሰግናለሁ" አለች። አመሰግናለሁ! እኔ አጎቴን የምቀዳበት ድምፅ ዛሬ ጠፋብኝ፤ ሞክሬ ነበር፣ የሚያስቅ ሰው አልመጣልኝም።

ማክሰኞ 22

ችሎት። እህቴ ከሕዝብ ወንበር፣ ከኋላ፣ እኔ አጠገቧ። ከፊት ኃላፊዋ፣ ከእሷ ጎን እትዬ፤ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ጥቁር ልብሷን ተኩሳ።

የሰውየው ጠበቃ ደብዳቤውን አወጣ። ከሩቅ አወቅሁት፣ እጥፋቱ የአባዬ ነው። ኃላፊዋ ብድግ ብላ፣ "ክቡር ዳኛ፣ ይህ የልመና ደብዳቤ እንጂ ማስረጃ አይደለም" አለች። ዳኛውም "ልክ ነሽ፣ አልቀበለውም" አለ። እህቴ እጄን ጨበጠችኝ። ተነፈስኩ።

"ይሁን ክቡር ዳኛ" አለ ጠበቃው፣ ምንም ሳይከፋው። "ደብዳቤውን ትቼዋለሁ። ለተከሳሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ፣ ከመሐላ በኋላ።"

አስማሏት።

"እናቴ፣ እነዚህ ዘጠኝ ውሎች ላይ ያለው ፊርማ የማን ስም ነው?"

እትዬ ውሎቹን አየች። ወደ ኃላፊዋ ዞረች፤ ኃላፊዋ ጠረጴዛውን ታያለች። ቁጥሩን ጠበቃው ውሎቹን ሳይቆጥር ነው የተናገረው። ዘጠኝ።

"የእህቴ" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን በሙሉ ከፍታ።

"እህትዎ የት ናቸው?"

"ሞታለች።"

"መቼ?"

"ከነዚህ ወረቀቶች በፊት።"

"ጨርሻለሁ" አለ ጠበቃው። ዳኛው ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ከወረቀቱ ቀና ሳይል ለመውጣት አምስት ቀን ሰጣት። ስለ ፊርማው ደግሞ ባለቤቱ ክስ መመሥረት ከፈለገ መብቱ የተጠበቀ ነው አለ። ባለቤቱ ከኋላችን ተነስቶ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ "አልፈልግም ክቡር ዳኛ። እኔ እንኳ ሰው ነኝ" አለ። ሰዉ አጉተመተመ፣ ደግነቱን እያደነቀ።

እሑድ 27

ዕቃ አወጣን። አባዬ፣ እህቴና እኔ። ኃላፊዋ መኪና ለምና ላከች። ወዴት ነው ስንል የእትዬ የወንድም ልጅ ከከተማ ውጭ ለጊዜው አንድ ጥግ አለኝ ብሏል። ስፌት መኪናዋን አይቀበልም፣ ድምፅ አልወድም ብሏል።

ሁለቱን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው። በደብዳቤው ስጽፋቸው ጨለማና ጠባብ ነው ያልኳቸው፣ ሆድ እንዲያባባ። ብርሃን ነበሩ። በሁለት አልጋ መሃል አንድ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ነበረ፤ ሁለተኛው አልጋ እስከዛሬ ተነጥፎ ነበር። እትዬ አንሶላውን ራሷ አጥፋ ራሷ አሰረችው፣ ማንንም አላስነካችም።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መኪናው ሊንቀሳቀስ ነው። እህቴ ፊቷ ቆመች።

"እትዬ።"

"እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ" አለች እትዬ። "ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። ማነው ያወጣው?"

እህቴ ወደ እኔ አላየችም። ትንሽ እንኳ ዓይኗን ወደ እኔ ዞር ብታደርግ እናገር ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች።

እትዬ ተነሳች። እህቴን በጎን አልፋት እኔ ጋ መጣች። ጠርዙን የሰፋችልኝን ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ አቧራ ነክቶት ስለነበር በእጇ አራገፈችልኝ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ ሻካራ ነው፣ ሞቃት ነው።

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ" አለችኝ፣ እህቴ በምትሰማበት ድምፅ። "አንቺ እንኳ እንደሷ አትሁኚ። እሺ?"

"እሺ" አልኩ።